ባህሪያና ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስቱ ሲሞች

ባህሪያ ጅማ ቦሳ ኪቶ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ ውስጥ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሲም ካርዶች ታስተዳድራለች። የቅጥር ደብዳቤዋ ላይ የሥራ መደቧ "የኮኔክቲቪቲ ክትትል ባለሙያ" ይላል። ይህን ስም አንድም ቀን ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅም። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲላት "ሲም አያለሁ" ትላለች። ጠያቂውም ምንም ሳይገባው ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል።

ሲሞቹ ሰው ኪስ ውስጥ ያሉ አይደሉም። እሸት ቡና መቀበያ ሚዛኖች፣ የመጋዘን እርጥበት መለኪያዎች፣ ሜዳ ላይ የተተከሉ የዝናብ መለኪያዎችና የጭነት መኪኖች ውስጥ ነው ያሉት። ከሊሙ እስከ ሸቤ፣ ከአጋሮ እስከ አሰንዳቦ ተበትነዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ የመዘነውን ወይም የለካውን በሲሙ በኩል ወደ ጅማ ይልካል። አንዱ ዝም ያለ እንደሆነ ባህሪያ ለዘበኛው ትደውላለች። "ሶኬቱን ንቀለው፣ እስከ ሃያ ቁጠር፣ መልሰህ ሰካው" ትለዋለች። ከአሥሩ ዘጠኙ በዚህ ይድናሉ። አሥረኛው ላይ አይጥ ሽቦውን በልታዋለች ማለት ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባችው ተምራው አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሄርማታ፣ ገበያው ጥግ፣ የስልክ ካርድ ሸጣለች። የዩኒየኑ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ደንበኛዋ ነበር። አንድ ቀን ስልኩ ጊቤ ውስጥ ወደቀበትና ቁጥሮቹ ሁሉ ጠፉ። ባህሪያ ለማን ለማን ካርድ ያስሞላ እንደነበር ታስታውስ ስለነበር የሹፌሩን፣ የአማቱንና የሦስት ላኪ ነጋዴዎችን ቁጥር በቃሏ አስጻፈችው። በሳምንቱ ቀጠራት። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ማስታወሻ ደብተር የላትም። ሲሞቹንም በቦታና በሰው እንጂ በተራ ቁጥራቸው አታውቃቸውም። አንዱ "የነጋሳ ሚዛን" ነው፣ ሌላው "ከመስጊዱ ጀርባ ያለው መጋዘን"፣ ሌላው ደግሞ "ያ ሁልጊዜ የሚያለቃቅሰው"።

ባለፈው ሰኔ የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍስሐ ከአዲስ አበባ ስብሰባ አንድ ቦርሳና አንድ ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። ባህሪያን ቢሮው አስጠራት።

"ወይዘሮ ባህሪያ፣ የሲም ማስተዳደሪያ ሲስተማችንን ከኤአይ ኤጀንት ጋር ልናገናኘው ነው።"

"ማን ነው እሱ?"

"ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። ሲሞቹን ሃያ አራት ሰዓት ያያል።"

"እኔስ?"

አቶ ፍስሐ በሄደበት ስብሰባ ላይ ይህ ጥያቄ አልተነሳም ነበር። ትንሽ አሰበና "እርስዎ እሱን ያያሉ" አላት።

ማታ ለባሏ ለጀማለዲን ነገረችው። ጀማለዲን ልብስ ሰፊ ነው፣ ሲያዳምጥ ከመርፌው ቀና አይልም። "ሃያ አራት ሰዓት የሚያይ ካመጡ አንቺን ለምን ያቆዩሻል?" አላት።

"እሱን እንዳይ ነዋ።"

"እሱን የሚያይ ሌላ እስኪያመጡ" አለና ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

ሥራውን እንድትሠራ የተቀጠረችው ጽዮናዊት ናት። የደሴ ልጅ ስትሆን ለትምህርት ጅማ መጥታ እዚያው የቀረች የሶፍትዌር ባለሙያ ናት። ለገበያና ለጠብ የሚበቃ ኦሮምኛ ታውቃለች። በመጀመሪያው ቀን ላፕቶፗን ባህሪያ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ነገሩን አስረዳቻት። ሲስተሙ ለኤጀንቱ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ቁልፉ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ኤጀንቱ በዚያ ገብቶ የእያንዳንዱን ሲም ሁኔታ ያነባል፤ ፈቃድ ሲሰጠው ደግሞ ያግዳል፣ ይከፍታል። የመጀመሪያው ወር ላይ ማየት እንጂ መንካት አይፈቀድለትም።

"ልክ እንደ አዲስ ሠራተኛ" አለች ባህሪያ።

"በትክክል እትዬ።"

ግን አልተገናኘም። ጽዮናዊት ጠዋቱን ሙሉ ስትሞክር ሲስተሙ "አልተፈቀደም" እያለ መለሳት። ቁልፉን ሰርዛ ሌላ አወጣች፣ ያም አልተፈቀደም። ስድስት ሰዓት አካባቢ ባህሪያ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች።

"መጨረሻው ላይ ምን አለ?"

"ምንም የለም።"

"ምንም ከሌለ ብልጭ የምትለው መስመር ለምን ራቅ ብላ ቆመች? አንቺ ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመት ለሰው የካርድ ቁጥር አንብቤያለሁ። ሰው መሀል ላይ አይሳሳትም፤ ወይ መጀመሪያው ላይ ነው ወይ መጨረሻው ላይ።"

ቁልፉ ሲገለበጥ መጨረሻው ላይ አንዲት ባዶ ቦታ አብራ ተገልብጣ ነበር። ጽዮናዊት አጠፋቻት። ኤጀንቱ ገባ።

የመጀመሪያ መልእክቱ እንዲህ የሚል ነበር፦ "ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ባህሪያ። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሲሞችን ተመልክቻለሁ። አርባ አንዱ ከጥር ወር ጀምሮ ምንም አልላኩም። ጥቅም ላይ ያልዋሉ ስለሚመስሉ ለዘለቄታው እንዲሰረዙ ሐሳብ አቀርባለሁ።"

ባህሪያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ምን ብዬ ነው የምመልስለት?"

"ለሰው እንደሚያስረዱት አድርገው ይጻፉለት።"

በአንድ ጣቷ ጻፈች፦ "እነዚህ እሸት ቡና መቀበያ ሚዛኖች ናቸው። እሸት ከመስከረም መጨረሻ በፊት አይለቀምም። ቡና ከሌለ ሚዛኑ ምን ይመዝናል?"

"አመሰግናለሁ። መዝግቤዋለሁ። ስለ እነዚህ አርባ አንድ ሲሞች እስከ መስከረም መጨረሻ አልጠይቅም።"

"ጨዋ ነው" አለች ባህሪያ። አቶ ፍስሐ ሊያየው ሲገባም ይህንኑ ደገመችለት።

ኤጀንቱ በየቀኑ ይጠይቃል። ባህሪያም ትመልሳለች። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ጭነት መኪና ሲም ዘወትር ሐሙስ አሰንዳቦ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል ከቦታው እንደማይንቀሳቀስ አስተውሎ "የመከታተያ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?" ሲል ጠየቀ። ባህሪያ መኪናው የሹፌሩ የሀምዳን እንደሆነ፣ ሀምዳንም አሰንዳቦ የታጨች ልጅ እንዳለችው ታውቃለች። "መሣሪያው ጤነኛ ነው። ሹፌሩ ምሳ ይበላል" ብላ ጻፈች። ኤጀንቱ "ለሦስት ሰዓት?" አላለም። "መዝግቤዋለሁ" አለ። በኋላ ሀምዳን ይህን ሲሰማ ሐሙሱን ወደ ማክሰኞ አዛወረው።

በሦስተኛው ሳምንት የመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር።

"ሲም ቁጥር 117 ዋሎ ጨፌ የዝናብ መለኪያ ውስጥ እንዳለች ተመዝግባለች። ነገር ግን ካለፉት ሁለት ዓመታት ጀምሮ ያለችው ሌላ ዓይነት መሣሪያ ውስጥ ነው። ይህን ያውቃሉ?"

ባህሪያ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። "ይቆይ" ብላ ጻፈች።

ነገሩን በደንብ ታውቀው ነበር። ዋሎ ጨፌ ከአጋሮ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ ታጥፎ የሚገባ ትንሽ የቡና መንደር ነው። የዝናብ መለኪያው አጥር ስላለው ብቻ ጤና ኬላው ግቢ ውስጥ ተተከለ። አጥሩ ግን በሬ አላቆመም። በሬው መለኪያውን ረግጦ ሲሰብረው የኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዙሀራ መሣሪያው ላይ በተለጠፈው ቁጥር ደውላ ለባህሪያ ነገረቻት። ለሥልጠና ጅማ ስትመጣም ሲሟን በፋሻ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

ባህሪያ ሻይ ጋበዘቻት። ሻዩ ላይ ዙሀራ ስለ ፍሪጁ አወራቻት። የክትባት ፍሪጁ በፀሐይ ኃይል ይሠራል፣ ሲሞቅም ስልኳ ላይ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ነበረው። የዚያ መሣሪያ ሲም ሞተ። ሌላ እንዲሰጣት ጠይቃ አምስት ወር ጠበቀች። በቀደመው ወር ፍሪጁ እሑድ ቀን ሞቆ ማንም ሳያውቅ አደረ፤ ሰኞ ያለውን ክትባት ሁሉ ደፋችው። ሁለት ሰዓት በእግራቸው የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ተመለሱ። "አንዷ መንታ ነበር ያዘለችው" አለች ዙሀራ።

ባህሪያ በፋሻ የተጠቀለለችውን ሲም ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። "መልሰሽ ያዢያት። ሌላ እስኪመጣልሽ ድረስ።"

ሌላ አልመጣም። ባህሪያም ለማንም አልተናገረችም፤ መዝገብ ላይም አላሰፈረችም። ሲስተሙ "ሲሟ ከመሣሪያዋ ጋር አይገጥምም" የሚል ምልክት ሲያሳያት "ተቀብያለሁ" የሚለውን ተጭና አለፈችው። የዋሎ ጨፌን ዝናብ ደግሞ የዩኒየኑ መጋዘን ዘበኛ አባ ኩመራ በየሰኞው ስልክ እየደወሉ ይነግሯት ጀመር። ደጃቸው ላይ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ አስቀምጠው በማስመሪያ ይለካሉ። እሷ ቁጥሩን በእጇ ታስገባዋለች።

በሳምንቱ ኤጀንቱ ተመልሶ ጠየቀ፦ "ስለ ሲም 117 በድጋሚ ለማስታወስ ነው። በተጨማሪም ከዋሎ ጨፌ የሚመጣው የዝናብ መጠን ሁልጊዜ በአምስት ይካፈላል። ሌላ ጣቢያ ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ አላየሁም።"

"ይቆይ" ብላ ጻፈች።

በሦስተኛው ጊዜ "ይቆይ ብያለሁ እኮ" አለችው።

"እሺ" አለ ኤጀንቱ።

ወሩ አለቀና ረቡዕ ቀን ሦስቱም፣ አቶ ፍስሐ፣ ጽዮናዊትና ባህሪያ፣ ተሰበሰቡ። ኤጀንቱ ከእንግዲህ የማገድ ፈቃድ ይሰጠዋል። ጽዮናዊት ደንቦቹን አነበበች። ሦስተኛው "ሲም ከተመዘገበችበት መሣሪያ ውጪ ከተገኘች ወዲያውኑ ትታገዳለች፤ የሚከፍታት ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው" ይላል።

ባህሪያ አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት አቶ ፍስሐ "ይቺኛዋ ጥሩ ናት" አለ። "አምና አንዱ የሚዛን ሲም አውጥቶ ወር ሙሉ ፊልም ሲያይባት አልነበር? ከእንግዲህ ምሕረት የለም። ወይዘሮ ባህሪያ፣ ምን ሊሉ ነበር?"

"ምንም።"

ከስብሰባው ስትወጣ በቀጥታ ለዙሀራ ደወለች። "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።" አምስት ጊዜ ሞከረች። ነገ በጠዋት እደውላለሁ ብላ ቤቷ ገባች። ራት አልበላ አላት። ጀማለዲን "አመመሽ እንዴ?" ሲላት "ኧረ ደህና ነኝ" አለችው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደንቡ ሥራ ጀመረ። ሦስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ለሦስቱም ሪፖርት ደረሳቸው፦

"በደንብ ቁጥር ሦስት መሠረት ሲም 117 ታግዳለች። ጉዳዩን ለወይዘሮ ባህሪያ ሦስት ጊዜ አሳውቄ ነበር። የተሰጡኝ መልሶች በቅደም ተከተል 'ይቆይ'፣ 'ይቆይ' እና 'ይቆይ ብያለሁ እኮ' የሚሉ ናቸው።"

ጽዮናዊት ላፕቶፗን እንደያዘች መጣች። "እትዬ ባህሪያ፣ 'ይቆይ' ምንድን ነው?"

"ፍሪጅ ነው" አለች ባህሪያ። ከዚያም ሁሉንም ነገረቻት፤ ቅዳሜ ዋሎ ጨፌ የኩፍኝ ክትባት ቀን እንደሆነ፣ ክትባቱም ፍሪጁ ውስጥ እንደገባ ጭምር። ዙሀራ ይህን የነገረቻት ለአረፋ እንኳን አደረሰሽ ልትላት የደወለች ጊዜ ነው።

ጽዮናዊት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ትናንት ለምን አልነገሩንም?"

"ልናገር ነበር። ከዚያ ምሕረት የለም ተባለ።"

አብረው ወደ አቶ ፍስሐ ገቡ። ባህሪያ ቆማ ነገረችው። በሬውን፣ ፋሻውን፣ ቆርቆሮውን፣ ምንም አላስቀረችም። አቶ ፍስሐ በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ፍሪጅ?"

"ፍሪጅ።"

"ባለፈው ዓመት ለቦርዱ ያቀረብኩት የዋሎ ጨፌ ዝናብ..."

"የአባ ኩመራ ቆርቆሮ ነው።"

አቶ ፍስሐ ወደ መስኮቱ አየ፣ ከዚያ የጽዮናዊትን ላፕቶፕ ወደ ራሱ ሳበና ራሱ ጻፈ፦ "ሲም 117 ተሰርቃለች?"

ኤጀንቱ መለሰ፦ "አይመስለኝም። በየግማሽ ሰዓቱ እኩል መጠን ያላት አንዲት ትንሽ መልእክት ትልክ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም። ሰው የሚጠቀምባት ሲም እንዲህ አትሠራም።"

"ታዲያ ለምን አገድካት?"

"ደንቡ ስለሚያዝ ነው። ከደንቡ ውጪ የምትሆንበትን ምክንያት ለማግኘት ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነበር።"

አቶ ፍስሐ ባህሪያን አየ። ባህሪያ መሬቱን አየች። "ክፈታት" ብሎ ጻፈ። ምክንያት ሲጠየቅ "የጤና ኬላ ፍሪጅ" ብሎ ሞላ። ሲሟ ተከፈተች።

ግን አልተናገረችም። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ መልእክት የለም። ኤጀንቱ መሣሪያው ሲሟ ስትታገድ ሥራ እንዳቆመ፣ አንድ ሰው አጥፍቶ ቢያበራው ሊመለስ እንደሚችል ጻፈ። ዙሀራ ስልኳ አይገኝም። አባ ኩመራ አነሱ፤ ግን አጋሮ ገበያ ናቸው፣ የኬላው ቁልፍም ዙሀራ ጋ ነው። "ማታ ስገባ አያታለሁ" አሉ።

ባህሪያ ቦርሳዋን አነሳች። "ሀምዳን ወደ አጋሮ ሊወጣ ነው። እኔ ልሂድ።"

"እርስዎ?" አለ አቶ ፍስሐ።

"እኔ ነኝ የሰጠኋት።"

ሀምዳን ባዶ ጆንያ የጫነች አይሱዙ ይዞ በር ላይ ነበር። ሃዳ አኒስ፣ የአኒስ እናት፣ ይላታል፣ በትልቁ ልጇ ስም። ደግፎ ጋቢና አስገባት። ጅማን ለቀው ጥቂት እንደሄዱ ባህሪያ አንድ ነገር ገባት። በስድስት ዓመት ሥራዋ ውስጥ ከሲሞቿ ቦታዎች አንዱንም በዓይኗ አይታ አታውቅም።

"ያ የማን ነው?" ትላለች በመስኮቱ እየጠቆመች።

"የነጋሳ ቡና መፈልፈያ።"

በሩ ላይ የእግር ኳስ ማልያ የለበሰ ወፍራም ወጣት ቆሟል።

"ነጋሳስ?"

"እሱ ነዋ።"

ባህሪያ ለስድስት ዓመት ሶኬት ስታስነቅለው የኖረችው ሰው በሐሳቧ ቀጭን ሽማግሌ ነበር። እስኪያልፉት ድረስ ዞራ አየችው።

አጋሮ ላይ ጆንያውን አውርደው ወደ ዋሎ ጨፌ ታጠፉ። ሐምሌ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ተያዙ፣ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ባህሪያም ወርዳ ጎማው ሥር ቅጠል አነጠፈች። "ሀምዳን፣ ዛሬ ሐሙስ አይደል?" አለችው መኪናው ውስጥ ሲመለሱ።

"ማክሰኞ አድርጌዋለሁ" አለ ሀምዳን ፊቱን ሳያዞር።

ሰባት ሰዓት ላይ ደረሱ። ጤና ኬላው በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ባህሪያ ጆሮዋን በሩ ላይ አስጠጋች፤ ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ቀና ስትል ጣሪያው ላይ አንድ የዋንዛ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ተጋድሟል። የማታው ነፋስ የጣለው ነው። የፀሐይ ፓነሉ ከሥሩ ነው።

"ያ ረቢ" አለች።

ሀምዳን ጫማውን አውልቆ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ቅርንጫፉ ከባድ ነበር። ሁለት ሴቶች ከሚያርሙት የቡና ማሳ ወጥተው ከሥር ያዙ፤ ባህሪያም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አብራ ሳበች። ቅርንጫፉ ሲወርድ ከዝናብ መለኪያው የቀረውን ብረትም ይዞት ሄደ።

ዙሀራ ከቤት ለቤት ጉብኝት የተመለሰችው ይህ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቦቲ ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። ባህሪያን ስታይ መጀመሪያ ሰው የሞተ መሰላት። ሲነገራት ቁልፉን አውጥታ በሩን ከፈተች።

የፍሪጁ መለኪያ ሰባት ነጥብ ስድስት ዲግሪ ላይ ነበር። ስምንት ካለፈ ክትባቱ ይደፋል።

"ጠዋት ኮረብታው ላይ ስልኬ ኔትወርክ ይዞ ነበር" አለች ዙሀራ ዓይኗን ከቁጥሩ ሳታነሳ። "አየሁት። ከፍሪጁ የመጣ ነገር የለም። ዝም ካለ ደህና ነው ብዬ ወደ ሸለቆው ወረድኩ።"

ባህሪያ ወደ መሣሪያው ሄደች፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የሳሙና መያዣ የምታክል ነጭ ሳጥን ናት። ገመዷን ነቀለች።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..."

ዙሀራ፣ ሀምዳንና ሁለቱ ሴቶች ቆመው ስትቆጥር አይዋት። ሃያ ላይ ሰካችው። ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ለረጅም ጊዜ ብልጭ ብልጭ አለ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።

የዙሀራ ስልክ ጮኸ። አየችው። "ፍሪጁ ሞቋል ይላል።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች ባህሪያ።

በሩን ዘግተው ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ደመናው ሳስቶ ፀሐይ ወጣ ገባ ትላለች። ዙሀራ በየሩብ ሰዓቱ ገብታ ታያለች፦ ሰባት ነጥብ ሰባት፣ ሰባት ነጥብ ሰባት፣ ሰባት ነጥብ አምስት። ስድስት ዲግሪ ሲገባ ሀምዳን ተነስቶ ጫማውን አጠበ። ባህሪያ ለአቶ ፍስሐ ደወለችና ቁጥሩን ነገረችው። ሊሄዱ ሲሉ አባ ኩመራ ከገበያ ደረሱ። በድምፅ ብቻ የሚያውቋትን ሴት ሲያዩ በኦሮምኛ መረቋት፤ ቆርቆሮውንም አምጥተው አሳዩአት።

"አባ ኩመራ፣ ዝናቡ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በአምስት የሚካፈለው?"

ማስመሪያቸውን ሰጧት። በየአምስቱ ካሉት ረጃጅም መስመሮች በቀር የቀሩት ትንንሽ መስመሮች ሁሉ ተፍቀው ጠፍተዋል።

ቅዳሜ ዋሎ ጨፌ ላይ ስልሳ ሦስት ሕፃናት ተከተቡ።

ሰኞ አቶ ፍስሐ ባህሪያን ጠርቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ የዩኒየኑን ንብረት ያለ ፈቃድ አሳልፋ መስጠቷና ስትጠየቅ ማድበስበሷ። አነበበችው፣ ትክክል ነው አለች፣ ፈረመች። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣላት። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ነው፤ ሲም 117 ለዋሎ ጨፌ ጤና ኬላ በውሰት እንደተሰጠች ይገልጻል። ቀኑ የዛሬ ነው። "የሁለት ዓመት የኋላ ቀን መጻፍ አልችልም" አላት።

"አይጠበቅብዎትም።"

"ሌላ አለ?"

"ምን?"

"ሌላ የሰጡት ሲም አለ ወይ ነው የምለው።"

"ወላሂ የለም።"

አቶ ፍስሐ ለኤጀንቱም ያንኑ ጠየቀው። ኤጀንቱም "የለም" አለ።

ጽዮናዊት ደንብ ቁጥር ሦስትን ቀየረችው። ኤጀንቱ መልእክት በመላክ ላይ ያለች ሲም ከማገዱ በፊት ከሁለት ሰው ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። "ይቆይ" የሚለውንም መልስ አይቀበልም፤ ምክንያቱን ይጠይቃል፣ ካልተነገረው በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ያቀርበዋል። ባህሪያ ይህን ስትሰማ "እኔን ነው የቀየራችሁት" አለች። ጽዮናዊትም አልካደችም።

ከዚያ ነሐሴን ሙሉ ሥራዋ መናገር ሆነ። ጠዋት ጠዋት ጽዮናዊት አጠገቧ ትቀመጥና ሲሞቹን አንድ በአንድ እያነሱ ባህሪያ የምታውቀውን ታስጽፋለች። የትኛው ዘበኛ ኦሮምኛ ብቻ እንደሚናገር፣ የትኛው ስልክ የሚስቱ እንደሆነ፣ የትኛው መጋዘን ቅዳሜ መብራት እንደሚጠፋበት፣ የትኛው ሹፌር የት ምሳ እንደሚበላ። ሀምዳን ላይ ሲደርሱ ባህሪያ ጽዮናዊትን ከመጻፍ አስቆመቻት።

"እሱ በኅዳር ያገባል" አለች። "ከኅዳር በኋላ ማስታወሻው ይሰረዝ።"

በቀን አሥር አሥራ ሁለት ሲም ይጨርሳሉ። ጀማለዲን "የምታውቂውን ሁሉ ነግረሽ ከጨረስሽ ምን ይቀርሻል?" ሲላት "የማላውቀው" አለችው። በወር አንድ ቀን ከሀምዳን ጋር መስክ እንድትወጣ ጠይቃ ተፈቅዶላት ነበር። መጀመሪያ ሸቤ አካባቢ ሄደች። ሚዛኑ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ውስጡ ሲም እንዳለ አያውቁም ነበር። ስትነግራቸው አንዱ ፈቀቅ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

በመስከረም የውሰቱ ደብዳቤ ወሬ ወረዳ ለወረዳ ዞረ። ሰባት ጤና ኬላዎች ሲም ይሰጠን የሚል ማመልከቻ አስገቡ። አቶ ፍስሐ ሰባቱንም ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ባህሪያንና ጽዮናዊትን ጠራቸው። ኤጀንቱን ያለ ሥራ የተቀመጠ ሲም ስንት እንዳለ ጠየቀው። ስድስት አለ፤ የት የት እንደሆኑና ለምን ሥራ ፈት እንደሆኑ ከባህሪያ ማስታወሻ ጠቅሶ ዘረዘረ። አቶ ፍስሐ ስድስቱን ፈረመ። ሰባተኛውን ይዞ ቆየ። ጌራ ጫካው ጠርዝ ላይ ያለ ኬላ ነው።

"ለዚህ አዲስ ይገዛ" አለና ለግዥ ክፍል መራው።

ሲሟ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ደረሰች። ቁጥሯ 287 ነው። የኬላዋ ሠራተኛ ሩፈይዳ የምትባል ልጅ ናት፣ ራሷ ጅማ መጥታ ፈርማ ወሰደቻት። ባህሪያ ሻይ ጋበዘቻትና ሻዩ እስኪያልቅ ስለ ኬላዋ ጠየቀቻት። ልጅቷ ስትወጣ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። አሁን በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው።

"ሲም 287። የጤና ኬላ ፍሪጅ። ኃላፊዋ ሩፈይዳ ትባላለች። አርብ ከሰዓት እናቷን ለመጠየቅ ስለምትሄድ ስልክ አታነሳም፤ ያኔ ጎረቤቷ ጋ ይደወል። ጎረቤቷ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳቸዋል፣ ደጋግሞ መደወል ነው።"

"መዝግቤዋለሁ" አለ ኤጀንቱ። "የጎረቤቷ ስልክ ቁጥር ስንት ነው?"

ባህሪያ ቁጥሩን በቃሏ ጻፈችለት።